የመለስኳቸው እናት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ጋቢ አለበሱኝ። አዲሱ ወጣት ኃላፊ ተነሥቶ፣ «ጋሽ ደምሴ በጥበቃ ሥራ ላይ ለረጅም ዘመን በቅንነት አገልግለዋል» አለ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም አመስግኜ ተቀመጥኩ። ልጁ አላጠፋም። እሱ የሚያውቀኝ በር ስከፍትና ስዘጋ ነው። ዘበኛ የሆንኩት ግን በመጨረሻ፣ ሌላ የምሠራው ሲጠፋ ነበር። ከዚያ በፊት የኖርኩት ሰው በማሻገር ነው፤ መጀመሪያ በቀይ ባሕር ላይ፣ ቀጥሎ በዓባይ ላይ። ከተቀመጥኩበት ወንበር ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች አንዲት የብረት ጀልባ ነበረች። ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባታል። ያቺን ጀልባ ዓባይ ላይ የነዳኋት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ዞር ብሎ ያያት ሰው አልነበረም።

በቅርቡ ደግሞ ጸጥታው ደፍርሶ የጎጃሙ መንገድ የተዘጋ ጊዜ ሁለት ሰዎች ቤቴ መጡ። አባታቸው ማዶ ታሞባቸዋል። «ያቺ ጀልባ ትሠራ ይሆን?» አሉኝ። ወስጄ አሳየኋቸው። ወለሏ ዝጎ ጣት ያሳልፋል። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያለፈውን ሥራዬን ማሰብ ጀመርኩ። ይህንንም የምጽፈው ለዚያ ነው።

መካነ ሰላም ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ «መርከብ ላይ ሠርቻለሁ» ሲሉ ሰው ይስቃል፤ የሰፈሩ ልጆችም «መርከቤ» ይሉኛል። ነገሩ ግን እውነት ነው። ወጣት ሳለሁ በደሴና በአሰብ መካከል በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። አንድ ጊዜ መኪናው አሰብ ላይ ተበላሸና ሾፌሩ እዚያው ጥሎኝ ተመለሰ። ሥራ ፍለጋ ወደቡን ስዞር፣ ከአሰብ ምጽዋ ሰው የምታመላልስ አንዲት ትንሽ መርከብ ላይ ገመድ ሳቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ወታደር፣ ነጋዴ፣ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ፣ ፍየሉን እየጎተተ የሚሳፈር የአፋር ሰው፣ ሁሉም ወለሉ ላይ ምንጣፉን ዘርግቶ ይጋደማል። ባሕሩ ሲነሣ የደጋው ሰው ያስመልሰዋል፤ «ወደ መሬት መልሱኝ» እያለ ይለምናል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች ባልዲ ታቅፌ ነው ያሳለፍኳቸው።

እዚያ የገመድ አለቃችን የነበረው የምጽዋ ሰው ብዙ አይናገርም፤ አንዲት ነገር ግን ሁልጊዜ ይነግረኝ ነበር። «እህል ያስቀመጥከው ቦታ ይቀመጣል፤ ሰው ግን ወደሚያየው ነገር ይሄዳል። መርከብ የሚገለበጠው በማዕበል ብቻ አይደለም። ሁሉም ባንድ ወገን ሊያይ ሲነሣም ይገለበጣል።» ስለዚህ ተሳፋሪው ዶልፊን አየሁ ብሎ ሲጮህ የእኔ ሥራ ዶልፊኑን ማየት አልነበረም። ሰውን እጁን ይዤ ማስቀመጥ ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ወደቡ የሌላ አገር ሆነ። አንዲት ጥቅል ልብስ ይዤ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ። ለብዙ ዓመት ድንጋይ ተሸከምኩ፤ ሲሚንቶ አቦካሁ፤ ወደ ከላላና ወደ አጅባር ገበያ እየሄድኩ የሰው ከብት ነዳሁ። የባሕር ነገር አከተመ ብዬ ነበር።

ያን ጊዜ በእኛ በኩል በዓባይ ላይ ድልድይ አልነበረም። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም የሚሻገር ሰው ቁልቁል ወደ በረሃው ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ ወደ መርጡ ለማርያም ገበያ ይሄዳል። በበጋ ውሃው ሲጎድል በዋናተኞች ተደግፎ ይሻገራል። ክረምት ከገባ ግን ወዲህና ወዲያ ማዶ ያለው ዘመድ ሁለት አገር ይሆናል። አንድ ዓመት መንግሥት የሞተር ጀልባ ላከ። ከዳር እስከ ዳር ወፍራም የሽቦ ገመድ ተወጠረ፤ ጀልባዋ ገመዱ ላይ በሚንከባለል የብረት ጎማ፣ በካሩኮላ፣ ከገመዱ ጋር ተያያዘች፤ ውሃው ጠርጎ እንዳይወስዳት ማለት ነው። ከዚያ «ጀልባ የሚያውቅ ማን አለ?» ተባለ። ሲያሾፍብኝ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ጠቆመ። ደመወዙ ለአፍ ያህል ነበር፤ እኔ ግን ውሃ ላይ በመመለሴ ደስ አለኝ።

ሁለታችንን ነበር የቀጠሩን። አንዱ እኔ ሞተሩን የምይዘው፣ ሌላው አያ ሰይድ። አያ ሰይድ በዕድሜ ከእኔ በጣም የገፉ፣ ከአባታቸው ጀምሮ ሰውን በዋና የሚያሻግሩ የበረሃው ሰው ነበሩ። በእሳቸው ቤት ጀልባዋ እንጀራቸውን ልትወስድ የመጣች ናት። ሆኖም አንድም ቀን ፊት አልነሱኝም። የመጀመሪያው ቀን ሞተሩን ሳስነሣ ጆሯቸውን ይዘው ሳቁና፣ «አብሽር፣ ባሕረኛው። አንተ ጀልባውን ታውቃለህ፤ እኔ ውሃውን አውቃለሁ። ሁለታችን አንድ ሰው ይወጣናል» አሉኝ።

እንዳሉትም ሆነ። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይሳፈር ወንዙ ዳር ቁጢጥ ይሉና ውሃውን በእፍኛቸው ቀድተው ያሸታሉ። አፈሩ ቀይ ከሆነ ዝናቡ የቅርብ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ከላይ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ከሰዓት ይብሳል ይላሉ። ቅጠል የያዘ አረፋ ያሳስባቸው ነበር። እርጥብ ቅጠል ከመጣ ዛፍ ተነቅሏል ማለት ነው፤ ዛፉ ራሱ ከኋላ ይከተላል። ሰው ሲሳፈር ሴቶቹን መቀነታቸውን፣ ወንዶቹን ጫማቸውን ያስፈታሉ። ከብትና ሰው አብሮ አያሳፍሩም። ደግሞ እያንዳንዱን ሰው «አፊያ ነህ? አፊያ ነሽ?» ካሉ በኋላ ስሙን ከነአባቱ ይጠይቃሉ። እኔ መጀመሪያ ወግ ወዳድ ሆነው መስሎኝ ነበር።

«አያ ሰይድ፣ የዚህ ሁሉ ሰው ስም ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ውሃ ሰው ሲወስድ አይቻለሁ» አሉ። «ከሁሉ የከፋው የማን ልጅ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚሄደው ነው። ለቅሶ እንኳ የሚቀመጥለት አያገኝም።»

አብረን ስንሠራ ሰው አልሞተብንም። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም። የደረሰብን ነገር ሌላ ነውና።

እትዬ የሺ የመካነ ሰላም ሰው ናቸው። ባላቸው ቀድሞ ሞቷል፤ አንድያ ልጃቸውን ዘርፌን ማዶ፣ ከዓባይ አፋፍ ላይ ካለ መንደር ድረዋል። ዘርፌ በመጣች በሄደች ቁጥር የምናሻግራት እኛ ነበርን። ጀልባዋ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና አያ ሰይድን ክንዳቸውን ትይዛለች፤ ዳር ስትደርስ በራሷ ትስቃለች። አንድ ክረምት ሊወጣ ሲል፣ ዓባይ ገና ሙሉ ሳለ፣ እትዬ የሺ ብቻቸውን ወደ በረሃው ወርደው መጡ። ልጅቱን ንዳድ ይዟት ማሽላ ጥበቃ ከወረደችበት በቃሬዛ አውጥተዋታል የሚል ወሬ በስልክ ደርሷቸዋል።

አያ ሰይድ ውሃውን አሽትተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዛሬ አይሆንም፣ እታለም። ነገ እናየዋለን።»

በማግስቱም አይሆንም አሉ። እትዬ የሺ ወደ ቤት አልተመለሱም፤ የእኛ ዳስ ውስጥ ተኝተው አደሩ። ሌሎችም ተሻጋሪዎች ተጠራቀሙ። ከዚያ ውሃው ትንሽ ጎደል ያለ መሰለ። አያ ሰይድ ብዙ ጊዜ ዳር ዳሩን ተመላለሱ፤ በመጨረሻ ወደ እኔ መጥተው፣ «ቶሎ ከሄድን ያሳልፈን ይሆናል። ልብህ ምን ይላል?» አሉኝ። እኔም እንሂድ አልኩ። እትዬ የሺ ፊት ተቀመጡ፤ ሕፃን ያዘለች ሴትና ሌሎች መንገደኞችም ተሳፈሩ። አያ ሰይድ እንደ ልማዳቸው ስማቸውን ጠየቁ። እትዬ የሺ ሲደርሳቸው፣ «የዘርፌ እናት በሉኝ፤ ይበቃል» አሉ።

የወንዙን እኩሌታ አለፍን። ማዶ ዳር ላይ በቅሎ የያዘ ሰው ቆሞ ይታየኝ ነበር፤ የዘርፌ ባል ወንድም ነው። እጁን አወዛወዘ። አጠገቡ የነበረ ሌላ ሰው ዘወር ብሎ ሽቅብ ወደ መንደሩ ሮጠ። እትዬ የሺም እጃቸውን አነሡ።

ያን ጊዜ አያ ሰይድ «ግንድ» አሉ። ጮኸው አልነበረም፤ ነገር ግን ድምፃቸው ተለውጧል። ከላይ ከመታጠፊያው ሥሩና ቅርንጫፉ ያልተለየው ትልቅ ዛፍ እየተገለባበጠ ይመጣል። ተሳፋሪው ሁሉ ሊያይ ወደዚያ ወገን ዘነበለ፤ ጀልባዋ ውሃ ቀዳች። አያ ሰይድ ሰዉን በሁለት እጃቸው እየገፉ አስቀመጡ። እኔ ሞተሩን ይዤ ማሰብ ነበረብኝ። ወደ ፊት ብሰጠው ከዛፉ ቀድሜ አልፍ ይሆናል። ካላለፍኩ መሐላችንን ይመታናል። ሕፃኑ ያለቅስ ነበር። ሞተሩን ወደ ኋላ ሰጠሁት።

ዛፉ ከፊታችን አለፈና በእኛና በማዶው ዳር መካከል የሽቦ ገመዱን ይዞ ቆመ። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ጮኸ። ማዶ ያለው የብረት ምሰሶ ሲጎብጥ አየሁ። ከተበጠሰ አብረን እንሄዳለን። ካሩኮላው እያፏጨ፣ ጀልባዋ በውሃ ግማሽ ሞልታ፣ ወደ መጣንበት ዳር መለስኳት። ሰዉ እየተደጋገፈ ወረደ፤ መሬቱን የሳመም ነበር። ወዲያው ገመዱ ተበጠሰና ዛፉ ይዞት ሄደ።

እትዬ የሺ ከጀልባዋ አልወረዱም። ውሃው ጉልበታቸው ድረስ ነው። ወደ ማዶ እያዩ፣ «ሰውየውን አይቸዋለሁ እኮ» አሉኝ። «ፊቱን ለይቸዋለሁ። ለምን መለስከኝ?»

አያ ሰይድ ክንዳቸውን ይዘው አወረዷቸው።

ከዚያ በኋላ ጀልባ የሚባል ነገር አልነበረም። ለኃላፊው ደወልኩ፤ «ሰው ካልሞተ ጥሩ አድርገሃል» አለኝ። በዚያ ሥራ ላይ ከአለቃ ያገኘሁት ምስጋና ያ ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት አያ ሰይድ ከዳሱ ጣሪያ አሮጌ የፍየል ስልቻ አውርደው በትንፋሻቸው ይነፉ ጀመር።

«አያ ሰይድ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«የአባቴን መንገድ ልሄድ ነዋ።»

«በዚህ ዕድሜ? በዚህ ውሃ?»

«ሰው ይዤ አልሻገርም። ብቻዬን ግን ከላይ ከመታጠፊያው ከገባሁ ውሃው ራሱ ማዶ ይጥለኛል። ድሮም እንዲያ ነበር።» ወደ እትዬ የሺ ዞሩ። «እታለም፣ ለልጅሽ ምን ልበልልሽ?»

«እናትሽ ወንዙ ዳር ናት በሉልኝ» አሉ እትዬ የሺ። «ውሃው ነው እንጂ እሷ አልቀረችም በሉልኝ።»

አያ ሰይድ ስልቻውን ታቅፈው ሲገቡ አየን። ራሳቸው ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ከዓይኔ ጠፍተው ቆዩና በጣም ከታች፣ ማዶ ድንጋይ ላይ ሲወጡ ታዩኝ። እንደ ሕፃን እየዳሁ ነበር የወጡት። ከዚያ ተነሥተው ሽቅብ ሄዱ።

የተመለሱት በማግስቱ ነው። ማዶ ዳር መጥተው ቆሙ። የውሃው ድምፅ ቃል አያሰማም፤ እሳቸውም ሊጮሁ አልሞከሩም። ራሳቸው ላይ የጠመጠሙትን ፎጣ ፈትተው ወገባቸው ላይ አሰሩት። ቀጥለው ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። እንዲያ እንደሆኑ ቆሙ።

እትዬ የሺ ከአጠገቤ ነበሩ። እኔ ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ፣ «ተወኝ» አሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና አሸዋው ላይ ተቀመጡ። በአንደኛው ዳር እሳቸው፣ በሌላኛው ዳር አያ ሰይድ ተቀምጠው እዚያው ዋሉ። መርዶ በውሃ ላይ ሲነገር ያየሁት ያኔ ነው። ወደ መካነ ሰላም ሰው ልኬ ጎረቤቶቻቸው መጥተው ወሰዷቸው።

አያ ሰይድ ውሃው ጎድሎ ሲመለሱ ያዩትን ነገሩኝ። ዘርፌ የሞተችው ጀልባዋን በመለስኩበት ዕለት፣ ምሽቱን ነው። ከወንዙ ሽቅብ የሮጠው ሰው «እናትሽ ዓባይን አጋምሳለች፤ እየመጣች ነው» ብሎ ነግሯት ነበር። እሷም ቀና አድርጉኝ ብላ በሩን ስታይ ቆየች።

«ይህን ለእትዬ የሺ ሊነግሯቸው ነው?» አልኳቸው።

«ሐቅ ነው፤ የእሷ ነው። እኔ ምን አግብቶኝ እደብቀዋለሁ?» ቀጥለውም፣ «አንተ ጥፋት የለብህም፤ ያ ሕፃን ዛሬ በሕይወት አለ» አሉኝ። ብዙ ሰው እንዲያ ብሎኛል። እውነት ሊሆን ይችላል። ያ «ሊሆን ይችላል» ግን እስከ ዛሬ ሊያሳርፈኝ እምቢ አለ። ሞተሩን ወደ ፊት ብሰጠው ምን ይሆን እንደነበር የሚያውቅ ሰው የለም።

አያ ሰይድ ወደ መካነ ሰላም ወጥተው ሁሉንም ለእትዬ የሺ ነገሯቸው። ቀብሩ ላይ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ነበር፤ ልጅቱ ከትልቁ ወይራ ሥር እንደተቀበረች አስረዷቸው። ከእኛ ወገን ዘርፌን የቀበረ ሌላ ሰው አልነበረም። ያ ዋና ግን ደረታቸውን ጎድቶት ነበር። ሳሉ ፀንቶባቸው በዚያው በጋ ሞቱ። በማግስቱ ጠዋት ወንዙ ዳር ቁጢጥ ብዬ ውሃውን አሸተትኩ፤ የጭቃ ሽታ ብቻ ነው የሸተተኝ።

ገመዱ ተተክቶ ጥቂት ዓመት ሠራሁ። ሥራ ግን አልለውም። ደመናው ትንሽ ከጠቆረ አላሳፍርም፤ ሰው ይቆጣኝ ነበር። ከዚያ ድልድዩ ተሠራ። ሕዝቡ እልል አለ፤ እልል ሊል ይገባዋል። ጀልባዋን በመኪና ጭነው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ አመጧት፤ እኔንም ከኋላዋ ለጥበቃ መደቡኝ። ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ተነሥቼ ውስጧ የገባውን ውሃ እቀዳላት ነበር፤ ቀስ በቀስ ያንንም ተውኩት።

አንድ ቀን በሩ ላይ እትዬ የሺ መጡ። ከዚያ ክረምት ወዲህ ወንዙን ላለማየት ምለው፣ ከከተማ ወጥተው አያውቁም። በጣም አርጅተዋል።

«ድልድዩ ሰው ያሳልፋል ይላሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ። አውቶቡስ ሁሉ ያልፍበታል።»

«የመለስከኝ አንተ ነህ። አንተው አድርሰኝ።»

ፈቃድ ጠይቄ ሄድን። አውቶቡሱ ቁልቁል ጠመዝማዛውን ሲወርድ ዓይናቸውን አልገለጡም። ድልድዩ ላይ ስንደርስ «እትዬ፣ ዓባይ ነው» አልኳቸው። ዓይናቸውን ገልጠው በመስኮቱ አዩ፤ ወዲያው ማዶ ሆንን። አንዲት ሴት ከኋላ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራ ነበር፤ ወሬዋን እንኳ አላቋረጠችም።

«አለፍነው?» አሉኝ።

«አልፈነዋል።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ እትዬ።»

መንደሩ መንገድ ዳር ስንደርስ ወረድን። የዘርፌ ባል ለእርሻ ሥራ ወደ ሌላ ቆላ ሄዶ በዚያው ቀርቷል፤ ወንድሙም አብሮት ሄዷል። ቤተ ክርስቲያኑ በአዲስ መልክ ተሠርቷል። ወይራውን ፈለግኩት። ያገኘነው ወጣት ቄስ፣ «ለሕንፃው ተቆርጧል፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው» አለን። የት እንደነበረም በደንብ አያውቅም፤ በግምት አንድ ጥግ አሳየን። እዚያ ጥግ ሣር የበቀለባቸው ሁለት የድንጋይ ክምሮች ጎን ለጎን ነበሩ። የሁለተኛው ማን እንደሆነም የሚያውቅ አላገኘንም።

እትዬ የሺ ሁለቱን ተራ በተራ ዞሯቸው። ድንጋዮቹን በእጃቸው ዳሰሱ።

«የትኛዋ ትመስልሃለች?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«አያ ሰይድ ቢኖሩ ያውቁ ነበር።»

«አዎ።»

በሁለቱ መካከል ተቀመጡ። «እንግዲህ ለሁለቱም ነው የማለቅሰው» አሉ። «ያኛውም የሰው ልጅ ነው።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በቀስታ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ እንደ እንግዳ ከአጥሩ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ።

ወደ መካነ ሰላም የሚመለሰው የዕለቱ መኪና ከታች ጡሩንባ ነፋ። ሄጄ ትከሻቸውን ነካሁና፣ «እትዬ፣ መኪናው ሊያመልጠን ነው» አልኳቸው።

ራሳቸውን ቀና አላደረጉም። «ይሂድ» አሉ። «እኔ ገና አሁን መድረሴ ነው።»